ጀርመን ሸፐርድ ለሱሉልታ ግቢ ይሆናል ወይ?

ወንድሜ፣ ሱሉልታ ለሠራኸው ቤት የጀርመን ሸፐርድ ቡችላ ልግዛ ወይ፣ ቀን አስሬው ማታ ብፈታውስ ብለሃል። ግዛ፤ ግን አስረህ አታውለው።

እኛ አገር ዘበኛ አደረግነው እንጂ ዘሩ የበግ እረኛ ነው። ማክስ ፎን ስቴፋኒትዝ የሚባል ጀርመናዊ የፈረሰኛ ጦር መኮንን በ1899 እ.ኤ.አ. ሆራንድ የተባለውን ውሻ ገዝቶ ዝርያውን መሠረተ። የእነዚህ ውሾች ሥራ በመንጋው ዳር እየተመላለሱ በጎቹ የሰው ማሳ እንዳይገቡ መከልከል ነበር። እንዲህ ያለ ውሻ ታስሮ ሲውል ይረበሻል። መሬት ይቆፍራል፣ ጅራቱን እያሳደደ ይሽከረከራል፣ በአላፊ አግዳሚው ላይ ይጮሃል። ካደገ በኋላ ጧትና ማታ አውጥተህ በደንብ አንቀሳቅሰው። ገና ቡችላ እያለ እንግዳ፣ ልጆች፣ የጎረቤት በጎችም ይልመድ።

ብርዱ አያሳስብህ። ፀጉሩ ድርብ ነው፤ ከላይ ሻካራ፣ ከሥር ለስላሳና ጥቅጥቅ ያለ። በሳምንት ሁለት ሦስቴ ካላበጠርከው ግን ጋቢህ ሳይቀር ፀጉር በፀጉር ይሆናል።

ስትገዛ እናትና አባቱን አሳዩኝ በል። ሲነሱ ኋላቸውን የሚጎትቱ ከሆነ ተወው፤ የዳሌ መገጣጠሚያ ችግር በዘር ይተላለፋል። በልቶ ወዲያው አታሩጠው፣ ሆዱ ተነፍቶ ሊሞት ይችላል። የተቀቀለ የዶሮ አጥንትም አትስጠው። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት 3 ወር ሲሞላው አስከትበው። ሻጩ «ተከትቧል» ካለህ ካርዱን ጠይቅ።