የቦርድ ስብጥርና የባንክ ዋጋ፦ ርዕሱ ሥራ ያስይዛል?

ጥያቄሽ በአጭሩ ይህ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ በፋይናንስ ማስተርስሽን ልትጨርሺ ነው። የመመረቂያ ጽሑፍሽን «የቦርድ ስብጥር በግል ባንኮች ዋጋ ላይ ያለው ተጽእኖ» በሚል ርዕስ ልትሠሪ አስበሻል፤ ስብጥር ማለት ቦርዱ ውስጥ እነማን ተቀምጠዋል ማለት ነው። ርዕሱ ሥራ ለማግኘት ይጠቅመኝ ይሆን ትያለሽ።

ይጠቅምሻል፤ ግን መጀመሪያ አስተካክዪው። የውጭዎቹ ጥናቶች የኩባንያን ዋጋ የሚለኩት በአክሲዮን ገበያ ነው። የእኛ የአክሲዮን ገበያ (ሴኩሪቲስ ኤክስቼንጅ) የተከፈተው ገና በጥር 2017 ነው። የዓመታት የገበያ ዋጋ ከየት ታመጫለሽ? ስለዚህ «አፈጻጸም» ብለሽ ትርፋማነትንና የተበላሸ ብድርን ብትለኪ ይሻላል። እነሱን ከዓመታዊ ሪፖርት ታገኚያቸዋለሽ።

ፈታኞችሽ አጥብቀው የሚይዙሽ ግን እዚህ ላይ ነው፦ ቦርዱ ነው ባንኩን ያሳደገው ወይስ ያደገ ባንክ ነው ጥሩ ሰዎችን የሳበው? ሁለቱን መለየት በጣም ያስቸግራል። ኖርዌይ በዚህ መስክ ተደጋግማ የምትነሳውም ለዚህ ነው። በ2003 እ.ኤ.አ. የወጣው ሕግ የአክሲዮን ኩባንያዎች ቦርድ ቢያንስ 40 በመቶ ሴቶች እንዲሆኑ አዘዘ፤ እስከ 2008 ሁሉም እንዲያሟሉ ተደረገ። ለውጡን ኩባንያዎቹ ወደውና መርጠው ስላላመጡት ለተመራማሪ ትልቅ ዕድል ነበር። እንዲያም ሆኖ አንድ ታዋቂ ጥናት የኩባንያዎቹ ዋጋ ወረደ ሲል፣ በኋላ የመጡ ሌሎች ደግሞ ይህ ነው የሚባል ጉዳት አላየንም አሉ። መረጃው ያው ሆኖ መደምደሚያው ይህን ያህል ከተለያየ፣ አንቺም «ገለልተኛ አባል (ከባንኩ ጋር የሥራም የጥቅምም ትስስር የሌለው) ሲበዛ ትርፍ ይጨምራል» ብለሽ አፍሽን ሞልተሽ አትጻፊ።

ስለ ኤንሮንም አንብቢ፤ በሒሳብ ማጭበርበር የወደቀ የአሜሪካ የኢነርጂ ኩባንያ ነው። በ2001 እ.ኤ.አ. ሲከስር አብዛኞቹ የቦርዱ አባላት የኩባንያው ሠራተኛ ያልሆኑ ሰዎች ነበሩ። የኦዲት ኮሚቴው ሰብሳቢ የታወቁ የአካውንቲንግ ፕሮፌሰር ነበሩ። በወረቀት ላይ እንከን አይወጣለትም። ግን ይኸው ቦርድ የፋይናንስ ኃላፊው ከድርጅቱ ጋር የሚነግድ የራሱን ሽርክና እንዲመራ የሥነ ምግባር ደንቡን አንስቶ ፈቅዶለታል። የአባላት ቁጥርና ሲቪ ይህን አያሳዩሽም።

በእኔ እምነት ከሌሎች ተመራቂዎች የሚለይሽ ይህንን ማየት መቻልሽ ነው። ስለዚህ ከስታቲስቲክሱ ጎን ሁለት ሦስት የቦርድ ጸሐፊዎችን አነጋግሪ። ቃለ ጉባኤ አያሳዩሽም፤ አትጠይቂያቸውም። ግን ሰነድ ለአባላቱ ስንት ቀን ቀድሞ ይደርሳል? ብድር ላይ የሚከራከረው ማነው? የኦዲት ኮሚቴው ማኔጅመንቱ በሌለበት ይሰበሰባል? እነዚህን ይመልሱልሻል። ሥራም የምታገኚው በዚሁ በኩል ነው፦ የቦርድ ጽሕፈት ቤት፣ ኮምፕሊያንስ (ሕግና ደንብ መከበሩን የሚከታተለው ክፍል)፣ ሪስክ (የሥጋት አስተዳደር)፣ የውስጥ ኦዲት። ጀማሪ ሆነሽ ብትገቢም ቦርድ የሚያየው ወረቀት በእጅሽ ያልፋል።

ርዕሱን ለአማካሪሽ ከመላክሽ በፊት የምትመርጫቸውን ባንኮች የአምስት ዓመት ሪፖርት ሰብስቢ። የቦርድ አባላቱን ሙያና የትምህርት ደረጃ የማይጽፍ ባንክ ካለ ከዝርዝርሽ አውጪው።