መልስ፦ «አምጬ አምጬ በመጨረሻ በቀዶ ሕክምና ወለድኩ፤ ድክመቴ ይሆን?»

እህቴ፣ እንኳን ማርያም ማረችሽ! እኔንም አንዲት ጎረቤት «በምጥ እንኳ አልወለደችም» ብላኝ ስለነበር ጥያቄሽ አንጀቴን በላው።

ምጡ የጀመረኝ ደብረ ሲና ነበር። ሌሊቱን ሙሉ አምጬ የማሕፀኔ በር 7 ሴንቲ ሜትር ከተከፈተ በኋላ ቆመ። በአምቡላንስ ወደ ደብረ ብርሃን ስንሄድ፣ የጣርማ በርን ዳገት በጉም ውስጥ ስንወጣ፣ በየመታጠፊያው የአዋላጇን እጅ ጨምድጄ እይዝ ነበር። ስንደርስ የልጄ የልብ ምት በደቂቃ ከ100 በታች ወርዷል፤ ጤነኛው ከ110 እስከ 160 ነው። ለቀዶ ሕክምናው ወገቤን በመርፌ አደነዘዙኝ። መጎተቱ ይሰማኛል፣ ሕመሙ ግን የለም። ከዚያ ለቅሶውን ሰማሁ።

ታዲያ የቱ ነው ድክመቱ? አምጠሻል፤ ሆድሽም ተከፍቷል። ሁለቱንም ያለፍሽው አንቺ ነሽ!

አሁን ገንፎሽን ብዪ፣ ለ6 ሳምንት ከባድ ነገር አታንሺ። ቁስሉ ከቀላ፣ ፈሳሽ ካመጣ ወይም ትኩሳት ከያዘሽ ቀጠሮ ሳትጠብቂ ሂጂ። የሆስፒታሉን ወረቀትም በደንብ አስቀምጪ፤ ማሕፀንሽ የተከፈተው በታችኛው በኩል አግድም ከሆነ ቀጣዩን በምጥ የመውለድ ዕድል ሊኖርሽ ይችላል፣ ቀዶ ሕክምና በሚሰጥበት ሆስፒታል እስከሆነ ድረስ።