«ነፃ ነህ» የሚለው ወረቀት መቼ ነው የተጻፈው?

በዚህ ወር ከባሕር ዳር ሦስት ጥያቄዎች ደርሰውኛል። ሦስቱም ዞሮ ዞሮ አንድ ነገር ላይ፣ የኤች አይ ቪና የአባላዘር በሽታዎች ምርመራ ላይ፣ ስለሚገናኙ አብሬ ልመልሳቸው።

ጥያቄ
ሰላም ሲስተር። የ28 ዓመት ሴት ነኝ፣ የምኖረው አባይ ማዶ ነው። ከፍቅረኛዬ ጋር ከተቀራረብን አምስት ወራችን ነው። መጀመሪያ ላይ ስለ ምርመራ ሳነሳበት ስልኩን አወጣና የወረቀት ፎቶ አሳየኝ። ከኤች አይ ቪ ነፃ ይላል፣ ቀኑ ግን የዛሬ ሁለት ዓመት ነው። እኔም አምና ተመርምሬ ነፃ ነበርኩ። ኮንዶም እንጠቀም ነበር፣ አሁን ትተነዋል። ድጋሚ አብረን እንመርመር ስለው «አላመንሽኝም ማለት ነው» ብሎ አኮረፈኝ። ለመሆኑ ሰው በስንት ጊዜው ነው መመርመር ያለበት?

መልስ
እህቴ፣ የጠየቅሽው ነገር ልክ ነው። አንቺ ያጠፋሽው ነገር የለም።

የሁለት ዓመት ወረቀት የሚናገረው ስለ ሁለት ዓመት በፊት ነው። እንዲያውም ከዚያም ትንሽ ወደ ኋላ ነው። ጣት ተወግቶ በግማሽ ሰዓት ውስጥ የሚደርሰው ምርመራ ቫይረሱን ራሱን አያይም፤ የሚያየው ሰውነት ቫይረሱን ለመከላከል የሚያመርተውን ነገር ነው፣ ይህ በደም ውስጥ እስኪታይ ደግሞ እስከ 3 ወር ሊፈጅ ይችላል። ስለዚህ ዛሬ «ነፃ ነህ» የተባለ ሰው እርግጠኛ የሚሆነው ከሦስት ወር በፊት ስለነበረው ሕይወቱ ነው። ያለፉት ሳምንታት ገና አልተነበቡም።

ሌላው ሰው የሚረሳው ነገር፣ ያ ወረቀት የሚናገረው ስለ ኤች አይ ቪ ብቻ መሆኑ ነው። ስለ ቂጥኝ ምንም አላለም። ስለ ጉበት ቫይረስም፣ ስለ ጨብጥም፣ እንደ ጨብጥ በወሲብ ስለሚተላለፈው ክላሚዲያም ዝም ነው። እኔ ምክር ክፍል ስሠራ በጣም ያሳዘነኝ ይሄ ነው፤ ሰው ኤች አይ ቪ የለብህም ሲባል እፎይ ብሎ ይወጣል፣ ሌላውን ጠይቆ አያውቅም፣ የሚነግረውም የለም።

አሁን ወደ ጊዜው ልምጣ። ለሁሉም ሰው የሚሆን አንድ ቀጠሮ የለም፣ የሚወሰነው በኑሮሽ ነው። አዲስ ሰው ሕይወትሽ ውስጥ ሲገባ፣ ኮንዶም ከመተዋችሁ በፊት ሁለታችሁም ትመረመራላችሁ፣ ከዚያ ሦስት ወር ሲሞላ አንዴ ትደግሙታላችሁ። እስከዚያ ድረስ ኮንዶም። ሁለታችሁም ነፃ ከሆናችሁና ሁለታችሁም ተወስናችሁ ከኖራችሁ በየጊዜው ደም እየሰጡ መኖር አያስፈልግም፤ እርግዝና ሲመጣ ግን በመጀመሪያው ክትትል ኤች አይ ቪ፣ ቂጥኝና የጉበት ቫይረስ ቢ ይታያሉ፣ ይህን ማንም እንዳይዘለው፣ ምክንያቱም ሦስቱም ወደ ልጅ ይተላለፋሉ፣ ሦስቱንም ደግሞ በጊዜ ከተደረሰባቸው ማስቆም ይቻላል። በዓመት ውስጥ ሰው የሚቀያይር፣ ወይም የትዳር ጓደኛው ከሌላ ሰው ጋር እንደሚሄድ የሚጠረጥር፣ ቢያንስ በዓመት አንዴ ይመርመር። ከአንድ በላይ ሰው ያለው፣ ወይም በወሲብ ሥራ የሚተዳደር፣ በየ3 እስከ 6 ወሩ ይሁን። ይሄ ስለ ጨዋነት የሚሰጥ ፍርድ አይደለም።

የጉበት ቫይረስ ቢን በተመለከተ ጥሩ ዜና አለ። አንዴ ተመርምረሽ ከሌለብሽ ክትባት አለው፣ ሦስት ጊዜ ነው፤ ዛሬ፣ ከወር በኋላና በስድስተኛው ወር። ኢትዮጵያ ውስጥ ለሕፃናት መሰጠት የጀመረው በ2007 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ስለሆነ የአንቺና የእኔ ዕድሜ ሰዎች አብዛኞቻችን አልተከተብንም። እግረ መንገድሽን ደግሞ የማህጸን በር ካንሰር ቅድመ ምርመራን አስቢ። ከ30 እስከ 49 ዓመት ላሉ ሴቶች ነው የሚመከረው፣ ኤች አይ ቪ በደሟ ላለ ሴት ከ25 ጀምሮ።

ለፍቅረኛሽ ምን ትይዋለሽ? «አንተን» ብለሽ አትጀምሪ። «እኔ ልመረመር ነው፣ አብረኸኝ ና» በይው። ከልቡ የሚወድሽ ሰው ይመጣል ብዬ አምናለሁ። እሱ እስኪመጣ ኮንዶሙን መልሺው፣ እዚህ ላይ አትለሳለሺ። ከተማው ትንሽ ነው፣ ሰልፍ ላይ የጎረቤት ልጅ ታገኛላችሁ፣ ይሄን አውቃለሁ። በእኔ ጊዜ ከጎንደርና ከደብረ ታቦር ተነሥተው እኛ ጋ የሚመጡ ነበሩ፣ የእኛዎቹ ደግሞ ወደዚያ ይሄዱ ነበር። ርቃችሁም ሂዱ፣ ምንም አይደለም። በመንግሥት ጤና ጣቢያ የኤች አይ ቪ ምርመራ ነፃ ነው። «ቂጥኝና የጉበት ቫይረስም እዩልን» ብላችሁ በአፋችሁ ጠይቁ።

ጥያቄ
ሲስተር፣ ሐይቅ ዳር ጀልባ ላይ ነው የምሠራው፣ እንግዳ ወደ ዘጌ እናመላልሳለን። ዕድሜዬ 24። ከወር በፊት ስሸና ያቃጥለኝ ነበር፣ መግል የመሰለ ነገርም ይወጣ ነበር። ጓደኞቼ «ብርድ ነው፣ ውኃ ላይ ስለምትውል ነው» አሉኝ። ፋርማሲ ሄጄ ካፕሱል ገዝቼ አራት ቀን ዋጥኩ፣ ጠፋ። ልጅቷ ምንም የላትም። አሁን ከዳንኩ መመርመር ያስፈልገኛል?

መልስ
ወንድሜ፣ ያስፈልግሃል፣ ነገ ዛሬ አትበል።

ብርድ መግል አያስወጣም። ጣናም ምንም አላደረገህም። የነገርከኝ ምልክት የጨብጥ ወይም የክላሚዲያ ነው፣ ብዙ ጊዜም ሁለቱ አብረው ይመጣሉ። ካፕሱሉ ምልክቱን አደብዝዞት ሊሆን ይችላል፤ ጨብጥ በፊት ይፈውሱት የነበሩትን ብዙ መድኃኒቶች ተላምዷል፣ አሁን ዋናው ሕክምናው በባለሙያ የሚሰጥ መርፌ ነው። ክላሚዲያን ለይቶ የሚያሳይ ላብራቶሪ በየጤና ጣቢያው ስለማይገኝ ባለሙያው ምልክትህን ሰምቶ ለሁለቱም የሚሆን መድኃኒት አንድ ላይ ይሰጥሃል። ለዚህ ነው «አሁን የለኝም» ብለህ ዝም እንዳትል የምለምንህ። የወሩን ታሪክ እንዳለ ንገረው፣ ካፕሱሉንም ጭምር።

«ልጅቷ ምንም የላትም» ያልከው ነው እንቅልፍ የሚነሳኝ። አብዛኞቹ ሴቶች እነዚህ በሽታዎች ሲይዟቸው ምንም አይሰማቸውም። በሽታው ግን ወደ ማህጸንና ወደ ቱቦዎቹ ይወጣል፣ ያጠባብቃቸዋል፣ ከዓመታት በኋላ ልጅ ስትፈልግ «እንቢ» ይላታል። ያኔ ሰው መሃን ናት እያለ እሷን ይወቅሳል። እባክህ ንገራት፣ አብራችሁ ታከሙ። እሷ ካልታከመች መልሳ ታስይዝሃለች፤ መድኃኒቱን ከወሰዳችሁ በኋላም 7 ቀን አትገናኙ።

በዚያው ቀን ኤች አይ ቪና ቂጥኝ ተመርመር፣ በሦስተኛው ወር ድገመው። ስለ ቂጥኝ አንድ ነገር ልጨምርልህ፦ መጀመሪያ የማያም ቁስል ያወጣል፣ ያለ ሕክምናም በጥቂት ሳምንት ይደርቃል፣ ሰውም ምች ነበር ብሎ ይረሳዋል። በሽታው ግን ደም ውስጥ ቁጭ ብሎ ከዓመታት በኋላ ልብና አእምሮ ድረስ ይደርሳል። ከተያዘ በፔኒሲሊን መርፌ ይድናል፤ ከዳንክ በኋላም ፈጣኑ ምርመራ ዕድሜ ልክህን «አለ» ሊል ስለሚችል የታከምክበትን ወረቀት አትጣለው።

ጥያቄ
ኮንዶም ተቀደደ፣ ሰውየውን በደንብ አላውቀውም። ሦስት ወር ቁጭ ብዬ ልጠብቅ?

መልስ
ለአንቺ በዕለቱ በስልክ መልሻለሁ፣ እዚህ የምጽፈው ነገ ለሚደርስባት ሌላ ሴት ነው።

አትጠብቂ። ኤች አይ ቪ እንዳይዝ የሚከላከል መድኃኒት አለ፣ ግን በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት፣ ቶሎ በተጀመረ ቁጥር ይሻላል፣ የሚወሰደውም 28 ቀን ነው። ተገደሽም ከሆነ እንደዚያው፣ መጀመሪያ ሐኪም ቤት፣ ሌላው ይደርሳል። የእርግዝና መከላከያውንም በዚያው ጠይቂ፣ እሱም ሰዓት ይቆጥራል። ባሕር ዳር ከሆንሽ ፈለገ ሕይወት ሆስፒታልም ጥበበ ግዮን ሆስፒታልም አለልሽ። ሌሊት ቢሆን፣ እሁድ ቢሆን፣ በዓል ቢሆን ድንገተኛ ክፍል ግቢና «የ72 ሰዓቱን መድኃኒት ፈልጌ ነው» በያቸው።