ሰመራ የሚወርደው ስንቅ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍላችሁ ከኮምቦልቻ ነው። ባለቤቴ የሚሠራው ሰመራ ስለሆነ በየአሥራ አምስት ቀኑ ስንቅ እልክለታለሁ። ዶሮ ወጥ፣ አይብ፣ አንዳንዴም ሥጋ። በቅርቡ ሰማያዊ ጄል ያለባቸው ሁለት አይስ ፓኮች ገዛሁና አይስ ቦክሱ ሥር አንጥፌ ላኩለት። ወጡን ሌሊት ተነስቼ ሠርቼ ትኩሱን ነው የከተትኩት። ሲደርስ ፓኮቹ ሙሉ በሙሉ ቀልጠው፣ ወጡ ለብ ብሎ አገኘው። «ሽታው ትንሽ ተቀይሮ ነበር፣ ግን አፍልቼ በላሁት» አለኝ። እሱ ደህና ነው፣ እኔ ግን እንቅልፍ አጣሁ። ዕቃው ነው የተበላሸው ወይስ እኔ ነኝ ያጠፋሁት?

መልስ፦ እህቴ፣ አብሽሪ። ዕቃው ደህና ነው። ችግሩ የወጡ ትኩስነት ነው።

አይስ ፓክ ቅዝቃዜ አይፈጥርም። ፍሪጅ መብራት እየበላ ሙቀቱን ከውስጥ ወደ ውጭ ያወጣል፣ መብራት እስካለ ድረስ አይደክምም። አይስ ፓክ ግን ፍሪዘር ውስጥ ሲያድር ያጠራቀመውን ይዞ ይወጣና መንገድ ላይ እየቀለጠ ይጨርሰዋል። እሱም ራሱ ስንቅ ነው፣ ሲያልቅ አለቀ። ስለዚህ በምን ላይ እንደሚያልቅ አስቀድመሽ ማሰብ አለብሽ።

በቁጥር ልንገርሽ፣ ለኔም ነገሩ የገባኝ በዚህ መንገድ ነው። አንድ ኪሎ በረዶ ቀልጦ ውሃ እስኪሆን የሚውጠው ሙቀት፣ አንድ ኪሎ ውሃን ከ0 ዲግሪ አንስቶ 80 ዲግሪ ከሚያደርሰው ሙቀት ጋር እኩል ነው። ትልቅ ጉልበት ነው። ግን ሁለት ኪሎ ወጥ 70 ዲግሪ እንደሆነ ብትከቺው፣ እሱን ብቻ ወደ 5 ዲግሪ ለማውረድ አንድ ኪሎ ተኩል ገደማ በረዶ ይፈልጋል። ያንቺ ሁለቱ ፓኮች ግማሽ ግማሽ ኪሎ ቢሆኑ፣ ወጡን እንኳ ሳያቀዘቅዙ አልቀዋል። ባቲን አልፎ ወደ ሚሌ ሲወረድ ፊት ለሚመታው ሙቀት የተረፈ ምንም ነገር አልነበረም።

እኔም ይኼ ደርሶብኛል። አንድ ዓመት ለአረፋ ከደሴ ወደ ከሚሴ፣ አክስቴ ቤት ሥጋ ይዤ ወረድኩ። ገና የታረደ፣ የራሱ ሙቀት ያልወጣለት ሥጋ ነው። በፌስታል ጠቅልዬ፣ ፓኮቹን ሥር አድርጌ፣ ክዳኑን ጥርቅም አድርጌ ዘጋሁት። ከሚሴ ደርሼ ስከፍተው ሥሩ ቀዝቅዟል፤ እጄን ወደ መሃል ሳስገባ ግን ሞቅ ይላል፣ ከእጄ ላይም ያ የማይሳት ሽታ ወጣ። አክስቴ «ልጄ፣ መምጣትሽ ይበቃናል» ብለው ከጓሮ አስቀበሩት። ለውሻም አልሰጡትም። ያን ያህል ሥጋ ጉድጓድ ሲገባ ቆሞ ማየት ልብ ይሰብራል፣ ለዚህ ነው ይህን ጥያቄ ሳነብ መልሱን ላሳጥረው ያልቻልኩት።

አሁን ቀጣዩን ስንቅ እንዲህ አድርጊው። ወጡን ከመላኪያው ቀን በፊት ሥሪ። ከእሳት ሲወርድ በድስቱ አታቆዪው፣ ሰፋ ባለ ትሪ ወይም ሳህን ላይ በስሱ አፍሺው፣ ቶሎ ይበርዳል። ከሁለት ሰዓት ባልበለጠ ጊዜ ውስጥ ፍሪጅ ይግባ። ቦታ ካለሽ ደግሞ ጭራሽ ፍሪዘር ውስጥ አስገብተሽ ድንጋይ አድርጊው፤ ያን ጊዜ ወጡ ራሱ በረዶ ሆኖ ሌላውን ምግብ እያቀዘቀዘ ይሄዳል። እንቁላሉን ግን ከወጡ አውጪው። ቅቅል እንቁላል ፍሪዘር ከገባ ነጩ እንደ ጎማ ይሆናል። ለብቻው ፍሪጅ አሳድረሽ በዕቃ ላኪው።

ፓኮቹ ቢያንስ አንድ ሙሉ ቀንና ሌሊት ፍሪዘር ውስጥ ይቆዩ። መብራት የሚመላለስበት ሰፈር ከሆንሽ ሁለት ቀን ቀድመሽ አስገቢያቸው። ስትጭኚ ስትነኪያቸው መሃላቸው ልፍስፍስ ካለ ገና ናቸው። ብዛታቸውን ጨምሪ፤ ለሁለት ኪሎ ምግብና ለሰመራ መንገድ እኔ ብሆን ከአራት ባለ ግማሽ ኪሎ ፓክ አላንስም። ሁሉንም ሥር አታድርጊ። ቀዝቃዛ አየር ወደ ታች ነው የሚወርደው፣ ስለዚህ ሁለቱ ከላይ፣ ሌሎቹ በጎንና በሥር ይሁኑ። ባዶ ቦታ ካለ በፎጣ ወይም በጋዜጣ ጠቅጥቂው፣ ባዶው ቦታ ሙቅ አየር ነው የሚይዘው።

ከዚያ ቦክሱን በጋቢ ጠቅልይው። ጎረቤት አይቶ «በረዶን በጋቢ?» ሊልሽ ይችላል። ጋቢ ሙቀት አይፈጥርም፣ ሙቀት እንዳያልፍ ያግዳል። ሰው ሲለብሰው የሰውየው ሙቀት እንዳይወጣ ይከለክላል፣ ቦክስ ሲለብሰው የውጭው ሙቀት እንዳይገባ ይከለክላል። ለረዳቱም መኪናው አናት ላይ ፀሐይ እንዳያስመታው፣ ሞተሩ አጠገብም እንዳያስቀምጠው አደራ በይው። ከሌሊቱ 11 ሰዓት የሚነሳ መኪና ካገኘሽ በቀኑ ሙቀት የሚጓዘው መንገድ ያጥራል። የሚጠጣ ውሃና ለስላሳ እዚያው ቦክስ ውስጥ አትጨምሪ፣ መንገድ ላይ በየሰዓቱ ይከፈታል፣ በተከፈተ ቁጥር ቅዝቃዜው ይሄዳል።

«አፍልቼ በላሁት» ያለሽን ነገር ሳልናገር አላልፍም። ምግብ ከ5 እስከ 60 ዲግሪ ባለው መካከል ሲቆይ ጀርም ቶሎ ቶሎ ይራባበታል። ለወጥና ለሥጋ የሚሰጠው ገደብ ሁለት ሰዓት ነው፣ አየሩ ከ32 ዲግሪ በላይ ከሆነ ደግሞ አንድ ሰዓት ብቻ። ማፍላት ጀርሙን ሊገድለው ይችላል። ግን አንዳንዱ ጀርም ምግቡ ላይ የሚተወው መርዝ አለ፣ እሱ በመፍላት አይጠፋም። ስለዚህ ሽታው የተለወጠ ወጥ፣ ሽታው ባይለወጥም ለብ ብሎ ብዙ ሰዓት የተጓዘ ወጥ፣ ይደፋ። እንደሚያምሽ አውቃለሁ፣ ዶሮ በዚህ ዘመን ስንት እንደሆነ እኔም አውቃለሁ። ይደፋ።

ባለቤትሽ ቦክሱን ሲከፍት መጀመሪያ ፓኮቹን ይጫናቸው። ውስጣቸው በረዶ ከቀረና ምግቡም ሲነካ ከፍሪጅ እንደወጣ ዕቃ ከቀዘቀዘ ደህና ተጉዟል። ደውሎ ይኼን ብቻ ይንገርሽ፣ በሚቀጥለው ስንት ፓክ እንደምትጨምሪ ወይም እንደምትቀንሺ ታውቂያለሽ።

ሥጋውን በጥሬው የሚበላ ከሆነ ግን አትላኪለት። ቅዝቃዜ ጀርምን ያዘገያል እንጂ አይገድልም። ቋንጣ አድርጊለት። ቋንጣ፣ ድርቆሽ፣ በሶ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ንጥር ቅቤ፣ እነዚህ ሁሉ በረዶ አይፈልጉም፤ እናቶቻችን ፍሪጅ ሳይኖር ለረጅም መንገድ ብለው ያበጇቸው ናቸው። እንጀራውንም ከቦክሱ አውጪው፣ ቅዝቃዜ ያደርቀዋል፣ ይፈረፈራል። በአገልግል ወይም በንጹሕ ጨርቅ ለብቻው ይሂድ። እንዲህ ስትከፋፍይው በረዶው የሚጠብቀው ወጡንና አይቡን ብቻ ይሆናል፣ ለነሱም ይበቃል።

ጥያቄ፦ ከወልድያ ነው። አባቴ የስኳር ሕመምተኛ ናቸው፣ ኢንሱሊን ይወስዳሉ። ቆቦ ዘመድ ጥየቃ ሲሄዱ ሙቀቱ ያበላሸዋል ብዬ መድኃኒቱን ከአይስ ፓክ ጋር በጎማ ላስቲክ አጣብቄ አሰርኩላቸው። ልክ ነኝ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ማሰብህ ልክ ነው፣ ማጣበቅህ ግን አደጋ አለው። ከፍሪዘር አሁን የወጣ ፓክ ከዜሮ በታች ነው። ኢንሱሊን አንዴ በረዶ ከሠራ በኋላ ቢሟሟም ይጣላል፤ ጠርሙሱን አይተህ ደህና መምሰሉ ምንም አይነግርህም።

የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ክትባት ይዘው ወደ ቀበሌ ሲወጡ የሚሸከሟትን ትንሽ ሳጥን ታውቃታለህ። በረዶውን ከፍሪዘር እንዳወጡ ወዲያው አይከቱትም። ጠረጴዛ ላይ ያቆዩታል፣ ላብ ያወጣል፣ ከዚያ አንስተው ጆሯቸው ሥር ይነቀንቁታል። ውስጡ ውሃ ሲንቀጫቀጭ ከተሰማ መቅለጥ ጀምሯል፣ ዜሮ ዲግሪ ላይ ነው ማለት ነው። ያን ጊዜ ነው የሚገባው። አንተም እንዲሁ አድርግ፤ የውሃ በረዶ ያለበት ፓክ ተጠቀም፣ ነቅንቀህ ውሃውን ስማ፣ ከዚያ በመድኃኒቱና በፓኩ መካከል ወፈር ያለ ፎጣ አድርግ።

ያልተከፈተው ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ይቀመጣል። እየተጠቀሙበት ያለው ግን አብዛኛው ዓይነት ሙቀት ባልበዛበት ክፍል አራት ሳምንት ያህል ይቆያል፣ ስለዚህ ለሁለት ቀን ጥየቃ ዋናው ነገር ከፀሐይና ከመኪና መስኮት ሥር ማራቅ ነው። የስንት ዲግሪ ገደብ እንዳለው ከካርቶኑ ውስጥ ያለው ወረቀት ላይ ተጽፏል፣ ፋርማሲስቱም ያነብልሃል።

ጥያቄ፦ እኔ የደሴ ልጅ ነኝ። ጄሉ ውድ ነው። በሃይላንድ ውሃ ሞልቼ ባቀዘቅዝ አይበቃም? ጨው ጨምርበት ያሉኝም አሉ።

መልስ፦ በደንብ ይበቃል። ጄሉም ቢሆን አብዛኛው ውሃ ነው፤ የሚለየው ሲቀልጥ አለመፍሰሱና እንደ ዕቃው ቅርጽ መተጣጠፉ ነው። ሃይላንዱን ግን እስከ አፉ አትሙላው። ውሃ በረዶ ሲሆን ወደ 9 በመቶ ያብጣል፣ ቦታ ካጣ ላስቲኩን ይሰነጥቀዋል። አንገቱ ድረስ ብቻ ይሁን። ቀልጦ ሲያልቅ ንጹሕ ውሃ ከሆነ ትጠጣዋለህ፣ ይኼን ጄል አያደርግልህም።

ጨው በረዶው የሚሠራበትን ዲግሪ ከዜሮ በታች ያወርደዋል። ለአይስ ክሬም ነጋዴ ይጠቅመዋል። ላንተ ግን ሰላጣህንና ቲማቲምህን ያጠወልግብሃል፣ ጨው ከበዛበትም የቤት ፍሪዘር ጨርሶ ላያረጋው ይችላል። ንጹሕ ውሃ ይሻላል።

ጥያቄ፦ ከሐይቅ ዓሣ ገዝቼ ደሴ ስደርስ ለስልሶ አገኘዋለሁ።

መልስ፦ ሐይቅ ላይ እያለህ ሆድቃውንና ስንጥቡን አስወጣ፣ መበስበስ የሚጀምረው ከዚያ ነው። ዓሣ ላይ ፓክ ከማስቀመጥ የተሰባበረ በረዶ ይሻለዋል፣ ዙሪያውን ስለሚያቅፈው። ከሥር በረዶ፣ ከላይም በረዶ፣ የቀለጠው ውሃ እንዳይዘፈዝፈው ደግሞ ቀዳዳ ያለው ዕቃ። መንገዱ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ግን መናኸሪያ ስትጠብቅ የምታጠፋውን ሰዓትም ቁጠረው።

ጥያቄ፦ አይስ ፓኩ ተቀደደና ጄሉ የልጄ ምሳ ዕቃ ውስጥ ፈሰሰ። ምግቡን አጥቤ ልስጠው?

መልስ፦ አትስጪው። ብዙዎቹ ጄሎች ያን ያህል አይጎዱም፣ ግን አንዳንዱ ውስጥ ለራዲያተር የሚጨመረው ዓይነት መርዛማ ፈሳሽ ይኖራል፣ እሱ ደግሞ ይጣፍጣል፣ ልጅ አይተፋውም። ምግቡን ጣይ፣ ዕቃውን በሳሙና እጠቢ። ልጁ ቀምሶት ከሆነ የፓኩን ማሸጊያ ይዘሽ ወደ ጤና ጣቢያ ሂጂ። ተጠግኖ የሚውል ፓክ የለም፣ በፕላስተር አትለጥፊው። ለልጅ ምሳ ዕቃ ትንሿ የሃይላንድ በረዶ ትበቃለች።