ንቧ የት ገባች?

ይህ የሙዚቃ ጥያቄና መልስ ዓምዳችን ነው። የዚህ እትም ደብዳቤዎች በሙሉ ከጅማ የመጡ ሲሆኑ፣ ተነጋግረው የጻፉ ይመስል ስለ አንድ ነገር ይጠይቃሉ፤ ከሩሲያ የተረት ኦፔራዎች ስለተወሰዱ የኦርኬስትራ ስዊቶች። ስዊት የምንለው ለመድረክ ከተጻፈ ረጅም ሙዚቃ ተመርጠው፣ ያለ ዘፋኝ በኦርኬስትራ ብቻ የሚቀርቡትን ክፍሎች ነው። ዓመታቱን የጻፍነው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

ጥያቄ፦ የሪምስኪ ኮርሳኮቭን “የዛር ሳልታን ተረት” ስዊት አወረድኩ። ሦስት ትራክ ብቻ ነው ያለው። የፈለግሁት ግን ለዚያች ለታወቀችው የንብ በረራ ነበር፤ እሷ የለችም። ተቆርጦ ነው የደረሰኝ? (ከፈረንጅ አራዳ)

መልስ፦ አልተቆረጠም፤ ስዊቱ ይኸው ነው። ኒኮላይ ሪምስኪ ኮርሳኮቭ በ1900 ሞስኮ ላይ ከታየው ኦፔራው ሦስት የኦርኬስትራ መግቢያዎችን አውጥቶ ኦፕስ 57 በሚል ቁጥር አሰባሰባቸው። አንደኛው ዛሩ ሚስቱን ተሰናብቶ ወደ ጦርነት የሚሄድበት፣ ሁለተኛው ንግሥቲቱ ከልጇ ጋር በርሜል ውስጥ ታሽጋ ባሕር ላይ የምትንሳፈፍበት፣ ሦስተኛው ደግሞ “ሦስቱ ተአምራት” የሚባለው ነው። ሦስቱ አንድ ላይ 20 ደቂቃ ያህል ይፈጃሉ። እያንዳንዱ የሚጀምረው በዚያው በአንድ የትራምፔት ጥሪ ነው፤ አዋጅ ነጋሪ “ስሙ!” እንደሚል ዓይነት። ጥሪውን ሦስት ጊዜ ከሰሙ ስዊቱ ሙሉ ነው።

“ንቧ” የምንላት ከልማድ ነው። በተረቱ የሚበረው ልዑል ግቪዶን ነው፤ የስዋኗ (የነጭ የውሃ ወፍ) ልዕልት ወደ ፀጉራም ትልቅ ንብ ለውጣው መርከብ ተከትሎ ወደ አባቱ አገር ይሄዳል፤ እዚያም እናቱን በበርሜል ያስጣሉትን አክስቶቹን ይነድፋል። ይህ ያለው በኦፔራው 3ኛ ገቢር ሲሆን ርዝመቱ አንድ ደቂቃ ተኩል እንኳ አይሞላም። ብዙ ሲዲ አሳታሚዎች ገዢ ስለሚስቡበት ከስዊቱ ጎን ይጨምሩታል፤ እርስዎ ያወረዱት ቅጂ አሳታሚ አልጨመረውም፣ ነገሩ ይኸው ነው። ለብቻው አውርደው በስልክዎ ዝርዝር ውስጥ ሊያስገቡት ይችላሉ። የታሪኩን ቅደም ተከተል ከጠበቁ ቦታው በ2ኛውና በ3ኛው መካከል ነው። እኛ ግን ከ3ኛው በኋላ ብናደርገው እንመርጣለን፤ ሦስቱም በትራምፔት ታውጀው ሲገቡ እሱ በመካከል ሳያንኳኳ የገባ እንግዳ ይመስላል።

ስለ 2ኛው ክፍል አንድ ነገር እንጨምር። የባሕሩ ማዕበል የሚንከባለለው በቼሎና በኮንትራባስ ነው። ኮንትራባስ እስከ 41 ኸርዝ (በሴኮንድ 41 ንዝረት) ድረስ ይወርዳል፤ የስልክ ድምፅ ማጉያ ግን ከ200 ኸርዝ በታች ያለውን አያወጣም ማለት ይቻላል። በስልክ ከሰሙት ከባሕሩ በላይ በቀጭን ድምፅ የሚብለጨለጩት ከዋክብት ይኖራሉ፣ ባሕሩ አይኖርም። ጆሮ ውስጥ የሚገባ ተራ ማዳመጫ እንኳ ልዩነቱን ያሳይዎታል።

ጥያቄ፦ ከነዚህ ስዊቶች የማንን ቅጂ ልያዝ? በአንድ ፍላሽስ ስንት ይገባል? (ከአጂፕ)

መልስ፦ በሳልታን ይጀምሩ፣ ከኦርኬስትራ መሪው ከኤርነስት አንሰርሜ ጋር። በጄኔቫው ስዊስ ሮማንድ ኦርኬስትራ ለዴካ ኩባንያ ያስቀረጸው የስቴሪዮው ዘመን መባቻ ሥራ ነው። ኦርኬስትራው በጉልበት የሚታወቅ አይደለም፤ ክላሪኔቱና ኦቦዩ ቀጠን ያሉ ናቸው። ነገር ግን እያንዳንዱ መሣሪያ የት እንደተቀመጠ በጣት ማሳየት ይቻላል። በ3ኛው ክፍል ወርቃማ ለውዝ የምትፈለፍለዋ ሽኮኮ ዜማ በፒኮሎ (በትንሿ ዋሽንት) ሲመጣ፣ ከስር ያሉት ሌሎቹ ድምፆች አይሸፍኑትም። ይኸው መሪ ያስቀረጸው የሪምስኪ ኮርሳኮቭ “የገና ዋዜማ” ስዊትም አለ።

ሁሉንም በአንድ ላይ የሚፈልጉ ከሆነ ኔሜ ያርቪ ከስኮትላንድ ናሽናል ኦርኬስትራ ጋር በ1980ዎቹ ለቻንዶስ ያስቀረጸው ስብስብ አለ። ድምፁ ሰፊ ነው፣ እንደ ካቴድራል ያስተጋባል፤ ለታላላቆቹ ሰልፎች ያምራል፣ ለፈጣኖቹ ጭፈራዎች ግን ጠርዙ ይደበዝዛል። ጄራርድ ሽዋርዝ ከሲያትል ሲምፎኒ ጋር ለናክሶስ የሠራው ዲስክ “የበረዶዋን ልጅ”፣ “ሳድኮን”፣ “ምላዳን” እና “ወርቃማውን አውራ ዶሮ” በአንድ ላይ ይዟል፤ መጀመሪያ ለሚገዛ ሰው ከሁሉም የሚሻለው እሱ ይመስለናል። የሩሲያን ቀለም የሚፈልግ የየቭጌኒ ስቬትላኖቭን የሶቪየት ቅጂዎች ይፈልግ። የትራምፔቱና የሆርኑ ድምፅ እንደ ዘፋኝ ጉሮሮ ይንቀጠቀጣል። ያልለመደው ሰው ቴፑ የተበላሸ ይመስለዋል፤ አልተበላሸም፣ የዚያ ዘመን የሶቪየት ነፊዎች አነፋፍ ነው።

ስለ ቦታው፦ በሲዲ ጥራት ያለ ያልታመቀ ፋይል በደቂቃ 10 ሜጋባይት ይወስዳል፤ ስለዚህ ሳልታን 200 ሜጋባይት ነው። ፍላክ የሚባለው የማመቂያ ዘዴ ምንም ሳይጥል ወደ ግማሽ ገደማ ያወርደዋል። ኤምፒስሪ በ320 (ኪሎቢት በሴኮንድ) ከሆነ 48 ሜጋባይት፣ በ128 ከሆነ 19 ሜጋባይት ይሆናል። 320ው ይበቃል። 128ቱ ላይ መጀመሪያ የሚጎዱት ጽናጽልና ትሪያንግል ናቸው፤ “ሽሽሽ” የሚል ውሃ የመሰለ ድምፅ ይሰጣሉ፤ እነዚህ ስዊቶች ደግሞ በጽናጽል የተሞሉ ናቸው። ባለ 8 ጊጋባይት ፍላሽ በ320 ከ50 ሰዓት በላይ ይይዛል።

ድምፁን ሲያስተካክሉ ጸጥ ባለው መግቢያ ላይ አያስተካክሉ። “የአዝማሪዎች ጭፈራ” ተብሎ ከሚታወቀው ከበረዶዋ ልጅ የመጨረሻ ክፍል ላይ ያስተካክሉና ከዚያ ወደ መጀመሪያው ይመለሱ። አለበለዚያ ባጃጅ ውስጥ ሆነው ማዳመጫዎን ነቅለው ይጥላሉ።

ጥያቄ፦ “ወርቃማው አውራ ዶሮ” የሚል ሁለት ቅጂ አለኝ። አንዱ 10 ደቂቃ፣ ሌላው 25 ደቂቃ ነው። የትኛው ነው ትክክለኛው? (ከቦሳ)

መልስ፦ ሁለቱም ትክክል ናቸው፣ አንድ ሥራ ግን አይደሉም። አጭሩ የኦፔራው መግቢያና የሠርጉ ሰልፍ ብቻ ነው። ረጅሙ አራት ክፍል ያለው ስዊት ነው፦ ንጉሥ ዶዶን በቤተ መንግሥቱ፣ ዶዶን በጦር ሜዳ፣ ዶዶን ከሸማኻ ንግሥት ጋር፣ በመጨረሻም የሠርግ ድግሱና የዶዶን አሳዛኝ ሞት። ይህን ስዊት ያቀናበረው ሪምስኪ ኮርሳኮቭ ራሱ አይደለም። እሱ በ1908 ሲሞት ኦፔራው በሳንሱር ተይዞ ገና መድረክ አላየም ነበር፤ የታየው በ1909 ነው። ስዊቱን ያዘጋጁት አሌክሳንደር ግላዙኖቭና የአቀናባሪው ተማሪና አማች የነበረው ማክሲሚሊያን ስታይንበርግ ናቸው። የሚገዙ ከሆነ ከርዕሱ ይልቅ አራቱን ክፍሎች ይቁጠሩ። የአንታል ዶራቲ ቅጂ፣ ከለንደን ሲምፎኒ ጋር ለመርኩሪ የተቀረጸው፣ ዕድሜው ቢገፋም እስካሁን የሚበልጠው ጥቂት ነው።

መክፈቻው ላይ ጆሮዎን ይስጡ። አፉ በማፈኛ የተደፈነ ትራምፔት ብቻውን ይጮኻል፤ ያ የዶሮው ኩኩሉ ነው። ቀጥሎ ክላሪኔቱ ግማሽ ድምፅ በግማሽ ድምፅ እየተንሸራተተ ይወርዳል፤ ያቺ የሸማኻ ንግሥት ናት። እነዚህን ሁለቱን ከያዙ የቀረውን ስዊት ያለ አስረጂ መከተል ይችላሉ።

እግረ መንገዳችንን ስለ ሌሎች የስም ወጥመዶች፦ የቻይኮቭስኪ “የበረዶዋ ልጅ” ኦፔራ አይደለም፤ በ1873 ለቴያትር የተጻፈ ማጀቢያ ነው። “ሳድኮ” የሚል አጭር የኦርኬስትራ ሥራ ካገኙ ከኦፔራው የተወሰደ ሳይሆን ከኦፔራው ቀድሞ የተጻፈ ነው። የስትራቪንስኪ “የእሳት ወፍ” ደግሞ ባሌት ነው። ሳልታንና ዶሮው ሁለቱም ከፑሽኪን ተረቶች የተወሰዱ ናቸው፤ ቅድመ አያቱ አብራም ሃኒባል ከአፍሪካ የሄደ ስለመሆኑ እዚህ አገር ለማንም መንገር አያስፈልግም።

ጥያቄ፦ ከአሜሪካ የመጣ ሸክላ ማጫወቻ አለን። በ110 ቮልት ስለሚሠራ ትራንስፎርመር ገዝተን አገናኘነው። ያለን ሸክላ የሶቪየት “ወርቃማው አውራ ዶሮ” ነው። ሙዚቃው ይጎትታል፤ ዶሮው እንደ በሬ ያገሳል። መርፌው ነው? (ከሂርማታ)

መልስ፦ መርፌው አይደለም። ትራንስፎርመሩ ቮልቱን ከ220 ወደ 110 ያወርዳል፣ የመብራቱን ምት ግን አይነካውም። የአሜሪካ መብራት በሴኮንድ 60 ጊዜ ይመታል፣ የእኛ 50። በአሮጌ ማጫወቻዎች ላይ ያለው ሞተር ፍጥነቱን የሚወስደው ከዚህ ምት ስለሆነ በ60 ፈንታ በ50 ሲሄድ አንድ ስድስተኛ ይዘገያል። በደቂቃ 33 ከ1/3 ዙር መዞር የነበረበት ሸክላ 27.8 ዙር ብቻ ይዞራል። የ25 ደቂቃው ስዊት 30 ደቂቃ ይሆናል፣ ዜማውም ከሦስት ግማሽ ድምፅ በላይ ይወርዳል።

ለማረጋገጥ ከሸክላው ጠርዝ ላይ ትንሽ ወረቀት በላስቲክ ለጥፈው፣ ሰዓት ይዘው 3 ደቂቃ ሙሉ ዙሩን ይቁጠሩ። ትክክለኛው 100 ነው። 83 ገደማ ከመጣ ምክንያቱ ያልነው ነው። 96 ወይም 97 ከመጣ ግን ችግሩ ሌላ ነው፤ የረገበ ቺንጊያ ወይም የደረቀ ዘይት ይሆናል።

ማዞሪያውን ወደ 45 በመውሰድ ለመፍታት አይሞክሩ፤ በእኛ መብራት 45ቱ 37.5 ይሆናል፣ ዶሮው አሁን ደግሞ ጫጩት ይሆናል። መፍትሔው ሁለት ነው። አንደኛው ሞተሩ ላይ ያለችውን ቺንጊያ የምትይዝ ትንሽ ፑሊ መቀየር ነው። ውፍረቷ በአንድ አምስተኛ መጨመር አለበት፤ የነበረችው 10 ሚሊሜትር ከሆነች አዲሷ 12 ትሁን። ቶርኖ ቤት በናስ ያወጡልዎታል፣ ግን ቀዳዳው በትክክል መሀል ላይ መሆን አለበት። ለጥቂት እንኳ ከሳተ ረጅም የክላሪኔት ድምፅ ላይ ከፍ ዝቅ የሚል መወዛወዝ ይሰማሉ። ፑሊው ላይ ፕላስተር የሚጠቀልሉ አሉ፤ የፕላስተሩ ጫፍ በእያንዳንዱ ዙር ስለሚገጭ አንመክረውም።

ሁለተኛው ማጫወቻውን ሳይነኩ ወደ ኮምፒውተር መቅዳት ነው። እየጎተተ ይቅዱት፤ ከዚያ አውዳሲቲ በሚባለው ነፃ ፕሮግራም ፍጥነቱን በ20 በመቶ ይጨምሩ። ልብ ይበሉ፦ “ስፒድ” የሚለውን እንጂ “ቴምፖ” የሚለውን አይንኩ። ቴምፖ ሩጫውን ብቻ ያፈጥንና ድምፁን በወረደበት ይተወዋል።

የሸክላውን መሀል ወረቀትም ይመልከቱ። ከቁጥሩ ፊት ግማሽ ጨረቃ የምትመስል የሩሲያ ፊደል ካለች ስቴሪዮ ነው፤ ቀጥሎ 10 ከተጻፈ ክላሲክ ሙዚቃ ያለበት ትልቁ የ30 ሳንቲሜትር ሸክላ ነው። ሁለት እግር ያላት ትንሽ ጎጆ የምትመስል ፊደል ካለች ሞኖ ነው። ሞኖ ከሆነ ሁሉም መሣሪያ መሀል ላይ ተከምሮ ይሰማል፤ ድምፅ ማጉያዎ ተበላሽቷል ብለው እንዳይፈቱት።

ጥያቄ፦ በክረምት ሸክላዎቼ ላይ ነጭ ሻጋታ ይወጣል። በአልኮል ልጥረገው? (ከጅረን)

መልስ፦ አልኮሉን ይተዉት፤ በተለይ ከሸክላዎቹ መካከል 78 ዙር የሚሄድ አሮጌ ካለ አልኮል ያሟሟዋል። መጀመሪያ ሸክላውን ውጭ አውጥተው፣ አፍንጫዎን ሸፍነው፣ ደረቁን ሻጋታ በለስላሳ ብሩሽ ያራግፉ። ከዚያ በአንድ ሊትር የተጣራ ውሃ 3 ወይም 4 ጠብታ የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና ጨምረው፣ በለስላሳ ጨርቅ የመስመሩን አቅጣጫ ተከትለው ይጥረጉ። ከመሀል ወደ ጠርዝ አይጎትቱ። የመሀሉ ወረቀት እንዳይርስ ይጠንቀቁ። የተጣራ ውሃ ለመኪና ባትሪ የሚሸጠው ነው፤ ሲገዙ አሲድ ያልገባበት መሆኑን ጠይቀው ያረጋግጡ፣ ሁለቱም በአንድ ዓይነት ጀሪካን ይሸጣሉ። ሳሙና በሌለው ንጹሕ የተጣራ ውሃ አለቅልቀው ጥላ ውስጥ አቁመው ያድርቁት።

የውስጡን ወረቀት ይጣሉት፤ ሻጋታው የሚመለሰው ከእሱ ነው። ሸክላዎቹን ቀጥ አድርገው ያቁሙ፣ ከውጭው ግድግዳ አንድ ስንዝር ያርቁ፣ ወለል ላይ አያስቀምጡ። ከጫማ ካርቶን የሚገኙትን እርጥበት መጣጭ ከረጢቶች አጠገባቸው ያድርጉ፤ ሐምሌ አጋማሽ ላይ ግን ሞልተው ስለሚጠግቡ በአዲስ ይቀይሯቸው።