ልጄ ይቀድመዋል፤ ወደ ላይ የወጣው ግን ጓደኛው ነው

ጥያቄ፦ ልጄ 11 ዓመቱ ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ አካባቢ በአንድ የዋና ክለብ ሁለት ዓመት ሰልጥኗል። ዘንድሮ ግሩፕ ሲመደቡ ጓደኛው ወደ ላይኛው ወጣ፤ የኔ ልጅ እዚያው ቀረ። በውድድር ግን 50 ያርድ ፍሪስታይል የኔ ልጅ ነው የሚቀድመው። ያን ቀን መኪና ውስጥ ቃል ሳይተነፍስ ቤት ገባን። እሁድ ቅዳሴ ስለምንሄድ አንዳንድ ውድድር ያመልጠዋል፤ ለዚህ ይሆን? ክለብ ልቀይርበት?
የዋናተኛ እናት፣ ከሜሪላንድ

መልስ፦ እህቴ፣ ክለብ ከመቀየርሽ በፊት አንድ ቀን ልምምዱን ቁጭ ብለሽ እዪው። ስልክሽን ቦርሳሽ ውስጥ ክተቺና ገንዳው ዳር ያለውን ትልቁን ሰዓት ተመልከቺ። እኔ ልጆችን ስመድብ ከሜዳሊያቸው ይልቅ የማየው ያንን ሰዓት ነው።

የላይኛው ግሩፕ 100 ያርድ 10 ጊዜ ይዋኛል እንበል፤ በየ1 ደቂቃ ከ40 ሰከንዱ እየተነሳ። በ1 ደቂቃ ከ25 የሚገባ ልጅ 15 ሰከንድ ያርፋል። በ1 ደቂቃ ከ37 የሚገባው 3 ሰከንድ ብቻ ነው ያለው። ግድግዳውን ነክቶ፣ መነጽሩን እንኳ ሳያስተካክል ይነሳል። አምስተኛው ላይ ክንዱ ይዝላል። ስምንተኛው ላይ ዳሌው ይሰምጣል። ከዚያ በኋላ የሚለማመደው ስህተት ነው። 50 ያርድ ግን በ25 ያርድ ገንዳ አንዴ ሄዶ መመለስ ነው፤ በጉልበት ይገፋል። ልጅሽ ፈጣን ነው። ጓደኛው ደግሞ ፍጥነቱን ይዞ የሚቆይ ሊሆን ይችላል።

መስመሩም ጠባብ ነው። ስድስት ልጅ በአንድ መስመር ቀኙን ይዞ፣ በ5 ሰከንድ ልዩነት ይነሳል። አንዱ ከዘገየ ከኋላው ያለው እግሩ ላይ ይደርስበታል። አንዳንዴ ደግሞ ልጁ ደርሶም ቦታ ስለጠፋ ብቻ ይቆያል። ይሄን አሰልጣኙ ሳይደብቅ ሊነግርሽ ይገባል።

የዋና ስልቱንም እዪ። በብሬስትስትሮክ (በደረት ዋና) እና በባተርፍላይ (በቢራቢሮ ዋና) ሲዞሩ ግድግዳውን በሁለት እጅ እኩል መንካት ግድ ነው፤ በአንድ እጅ የነካ ከውድድሩ ይሰረዛል። ብዙ ልጅ እዚህ ጋ ይቀራል።

በሰዓት ብቻ የሚመድብ ክለብ ካለ ግን እኔ አልስማማም። በ11 እና በ12 ዓመት አንዱ ትከሻው ሰፍቶ፣ ድምፁ ጎርንኖ ይመጣል፤ ሌላው ገና ሕፃን ነው። ቁመት ያሸነፈውን ውድድር ሰው ችሎታ ያሸነፈው ይመስለዋል።

ቅዳሴውን በተመለከተ፣ የእሁድ ውድድር መቅረትና ልምምድ መቅረት አንድ አይደለም። እኔ የምቆጥረው የልምምድ ቀኑን ነው። አሰልጣኙን አስቀድመሽ ንገሪው፤ በቃ።

አንድ ጊዜ የእናቷ ውትወታ ሲበዛብኝ አንዲት የ10 ዓመት ልጅ ያለጊዜዋ ወደ ላይ አወጣሁ። ሁለት ወር ሳይሞላ፣ ልምምድ ባለ ቀን ሁሉ ሆዷን ያማት ጀመር። መልሼ ሳወርዳት ፎጣዋ ውስጥ ፊቷን ቀብራ አለቀሰች። ጥፋቱ የኔ እንጂ የእናቷ አልነበረም። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ስለዚህ አሰልጣኙን ጠይቂው፤ ልምምድ መሃል ግን አይሁን። 10 ደቂቃ እንዲሰጥሽ ቀጠሮ ያዢ። «ለምን ጓደኛው?» አትበይው። «የኔ ልጅ ምን ይቀረዋል?» በይው። በስንት ሰከንድ፣ ስንት ጊዜ፣ የትኛው ስልት፣ እንደገና የሚታየውስ መቼ ነው? ቁርጥ ያለ መልስ ካጣሽ፣ ያኔ ሌላ ክለብ ብታዪ አልፈርድብሽም። ልጅሽም አብሮሽ ይግባ፤ በራሱ አፍ ይጠይቅ።

ዛሬ ማታ ግን መኪና ውስጥ የግሩፕ ነገር አታንሺበት። ከገንዳ የወጣ ልጅ ይርበዋል፤ ምን መብላት እንዳማረው ጠይቂው።