«ነርቭ» ጅማት ነው ወይስ ሕዋስ?

ጥያቄ፦ በጅማ ከተማ ለታዳጊ ተማሪዎች ሳይንስን በአማርኛ አስተምራለሁ። ስለ ሥርዓተ ነርቭ በሰጠሁት ፈተና አንዱ ተማሪ «ነርቭ ማለት ጅማት ነው» ብሎ ጻፈ፤ ሌላዋ ደግሞ «ነርቭ ረጅም ሕዋስ ነው» አለች። «ሕዋስማ ዓይንና ጆሮ አይደለም ወይ?» ብሎ የጠየቀኝም አለ። ትክክለኛው የአማርኛ አጠቃቀም የትኛው ነው?

መልስ፦ «ነርቭ ጅማት ነው» ያለው ተማሪ ቃሉን ያገኘው ከቤትና ከሰፈር ነው። እጁ የተሳበበት ሰው ወጌሻ ዘንድ ሲሄድ «ሥሩ ዞሯል» ይባላል፤ የዞረው ጅማት ይሁን ነርቭ ንግግሩ አይለይም። «ሥር» የሚለው ቃል የዛፉንም፣ የደሙንም፣ የጅማቱንም ነገር አጠቃሎ ይይዛል፤ የግዕዙ «ሥርው» እንዲሁ ነበር። በእናንተ አገር ኦሮምኛውን ከአማርኛው ጋር የሚናገሩ ልጆች «ሂዳ» የዛፍ ሥርም የደም ሥርም ስም መሆኑን ስለሚያውቁ፣ ነገሩ ለእነርሱ እንግዳ አይሆንም። «ነርቭ» የመጣበት የግሪክ ቃል ራሱ መጀመሪያ ጅማት ማለት ነበር፤ ከክርስቶስ ልደት በፊት በሦስተኛው መቶ ዓመት በእስክንድርያ የነበረው ሐኪም ሄሮፊሉስ አካልን ከፍቶ እየመረመረ ሁለቱን እስኪለይ ድረስ ግሪኮቹም ያምታቷቸው ነበር።

ዛሬ ግን መለየት ግድ ነው። ቡና ሲመነጥር ጣቱን ገጀራ የቆረጠውን ገበሬ ያስቡ። የተበጠሰው የሚያጥፈው ጅማት ብቻ ከሆነ ጣቱ አይታጠፍለትም፤ ጫፉን ሲነኩት ግን ይሰማዋል። ጅማቱ ተርፎ የጣቱ ነርቭ ከተቆረጠ ደግሞ ጣቱ ይታጠፋል፤ ነገር ግን ከቁስሉ ወዲያ ያለው ክፍል ይደነዝዛል። ጅማት ጡንቻን ከአጥንት ጋር የሚያያይዝ ጠንካራ ማሰሪያ ሲሆን፣ ነርቭ መልእክት የሚያመላልስ ነው። ስለዚህ በሳይንስ ክፍል ውስጥ «ጅማት»ን ለነርቭ መጠቀም ሊታረም ይገባል።

የሁለተኛዋ ተማሪ መልስ ወደ እውነቱ ይቀርባል፤ ስሕተቱም ይበልጥ የሚያስተምር ነው። ረጅም ሕዋስ (ሴል) መኖሩን በሚገባ ይዛለች። የነርቭ ሕዋስ፣ በሌላ ስሙ ኒውሮን፣ ኒውክለሱን (አስኳሉን) የያዘ የሕዋስ አካል፣ መልእክት የሚቀበሉ ዴንድራይት የሚባሉ ቅርንጫፎች፣ እንዲሁም መልእክቱን ወደ ሌላ ሕዋስ ወይም ወደ ጡንቻ የሚያደርስ አክሶን የሚባል አንድ ረጅም ክር አለው። የእግር ጣትን የሚያንቀሳቅሱትን ትንንሽ የእግር መዳፍ ጡንቻዎች የሚያዝ ኒውሮን የሕዋስ አካሉ በህብለ ሰረሰር፣ ማለትም በጀርባ አጥንት ውስጥ በሚወርደው የሥርዓተ ነርቭ ገመድ፣ ውስጥ ተቀምጦ፣ አክሶኑ ወገብን፣ ጭንንና ባትን አልፎ እግር መዳፍ ይደርሳል፤ በአዋቂ ሰው ርዝመቱ ወደ አንድ ሜትር ይጠጋል፤ ቅጥነቱ ግን ዓይን ሊያየው የማይችል ነው። ሐኪሙ በጭን ውስጥ የሚያገኘው፣ የአውራ ጣት ያህል ውፍረት ያለው ትልቁ ነርቭ እንዲህ ያሉ እጅግ ብዙ አክሶኖች ከደም ሥሮችና ከሸፋኝ ልባስ ጋር የታሰሩበት ጥቅል ነው። እንግዲህ «ነርቭ» የጥቅሉ ስም ነው፤ የአንዱ ሕዋስ ስም «የነርቭ ሕዋስ» ወይም «ኒውሮን» ነው። ተማሪዋ «የነርቭ ሕዋስ ረጅም ሊሆን ይችላል» ብላ ጽፋ ቢሆን ሙሉ ነጥብ ይገባት ነበር።

«ነርቭ» የሚለው ስም ከአንጎልና ከህብለ ሰረሰር ውጭ ለተዘረጉት ጥቅሎች ብቻ የሚውል መሆኑንም ይጨምሩላቸው፤ ከአንጎል የሚወጡት 12 ጥንድ፣ ከህብለ ሰረሰር የሚወጡት 31 ጥንድ ናቸው። አንጎል ውስጥ ወደ 86 ቢሊዮን የሚገመቱ የነርቭ ሕዋሳት ስላሉ «በአንጎል ውስጥ ይህን ያህል ነርቭ አለ» ብሎ መጻፍ፣ በጋዜጣ ሳይቀር የምናየው ቢሆንም፣ ስሕተት ነው።

አንድ ጥንቃቄ ልጨምር። «የነርቭ ሕዋስ» እና «የሥርዓተ ነርቭ ሕዋሳት» እኩል አይደሉም። ሁለተኛው አነጋገር ከኒውሮኖች ጋር ግሊያ የሚባሉትን ደጋፊ ሕዋሳትም ያጠቃልላል። ከእነርሱ አንዳንዶቹ ማይሊን በሚባል ቅባታማ ልባስ አክሶንን ይጠቀልላሉ፤ ማይሊን የለበሰ ወፍራም አክሶን መልእክቱን በሰከንድ ከ100 ሜትር በላይ ሊያደርስ ሲችል፣ ያልለበሰው ቀጭኑ በሰከንድ ከ2 ሜትር እምብዛም አያልፍም። ሌሎቹ ኒውሮኖችን ይመግባሉ፤ ከጀርምም ይከላከላሉ። ስለዚህ በፈተና ላይ «የነርቭ ሕዋሳትን ጥቀስ» ሲሉ ግሊያንም የሚጠብቁ ከሆነ፣ ጉድለቱ ከተማሪው ሳይሆን ከጥያቄው ነው።

የሦስተኛው ተማሪ ጥያቄ ተገቢ ነው። «ሕዋስ» በግዕዝና በቀድሞው አማርኛ የስሜትን መቀበያ ያመለክታል፤ «አምስቱ የስሜት ሕዋሳት» የምንለው ከዚያ የቀረ ነው። ለሕያው አካል መሠረታዊ ክፍል የተሰጠው ኋላ ነው። ሁለቱም ፍቺዎች በሥራ ላይ ስላሉ አንዱን መሰረዝ አይቻልም፤ ነገር ግን ሁለቱ በአንድ ምዕራፍ ሲገናኙ ለዓይንና ለጆሮ «የስሜት አካላት» ማለት፣ «ሕዋስ»ን ደግሞ ለመሠረታዊው ክፍል ብቻ መተው ይሻላል ብዬ አምናለሁ። «ሴል» ማለትም ነውር የለበትም። ብዙ ቁጥሩን ሲጽፉ «ሕዋሳት» ይበቃል፤ «ሕዋሳቶች» ብዙውን ዳግመኛ ማብዛት ነው።